ደጋ ለወጡ አንባቢዎቻችን

በዚህ እትም ከባሕር ዳርና ከዓባይ በረሃ አካባቢ ተነስተው ወደ እንጅባራ፣ ደብረ ማርቆስና የጮቄ ግርጌ ከተዛወሩ አንባቢዎች ለደረሱን ጥያቄዎች መልስ እንሰጣለን።

ጥያቄ፦ በሥራ ዝውውር ከባሕር ዳር እንጅባራ ገብቻለሁ። የፈራሁት ክረምቱን ነበር፤ እሱስ እንደምንም አለፈ። አሁን በታኅሣሥ ቀን ፀሐይ እየሞቅን ሌሊቱ አላስተኛ አለኝ። ጭራሽ ሳይዘንብ ቆርቆሮው ንጋት ላይ ያንጠባጥባል። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ደጋ የሚወጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ጃንጥላና ቦቲ ይዞ ነው የሚመጣው። ብርዱ ግን ሁለት ዓይነት ነው። የሐምሌና የነሐሴው ቀን ከሌሊት የማይለቅ እርጥብ ብርድ ነው፤ ሆኖም ደመናው መሬት በቀን የያዘችው ሙቀት ቶሎ እንዳያመልጥ ይከላከላል። ከኅዳር እስከ ጥር ሰማዩ ሲጠራ ያ መከላከያ ይነሳና ሙቀቱ ሌሊት ወደ ላይ ይወጣል፤ ሜዳው ላይ ውርጭ የሚያድረውም ለዚህ ነው። ከፍታውም አለ፦ ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን እንጅባራ ከ2,500 ሜትር ትበልጣለች። ሙቀት በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6 ዲግሪ ተኩል ስለሚቀንስ ልዩነቱ ከ4 ዲግሪ ያልፋል።

ቆርቆሮው አላፈሰሰም። ጥርት ባለ ሌሊት ብረቱ ከአየሩ ይልቅ ይቀዘቅዛል፤ የእርስዎ ትንፋሽና የድስቱ እንፋሎት እሱ ላይ ሲደርስ ውሃ ይሆናል። ምስማሩን በሬንጅ መድፈን ስለዚህ ለውጥ አያመጣም። የሚያስፈልገው ኮርኒስ ነው። ችፑድ ከተወደደብዎ የታጠበ ማዳበሪያ እየሰፉ ከቆርቆሮው ቢያንስ 20 ሴንቲ ሜትር ዝቅ አድርገው ይወጥሩት። ዳር ዳሩን ጥብቅ፣ መሐሉን ረገብ ካደረጉት ውሃ አቁሮ ይቀደዳል፤ ሁሉንም እኩል ይሳቡት። ከጣራው ክፈፍ ሥር እጅ የሚያሾልክ ቀዳዳ ይተዉ፤ እርጥበቱ መውጫ ካጣ ኮርኒሱ ይሻግታል።

አልጋውን በተመለከተ ብዙ ሰው ከላይ ይደራርብና ከታች ይረሳል። ስፖንጅ ፍራሽ ሲተኙበት ስለሚታመቅ ሙቀቱ በሥር ያልፋል። ሊሾ ላይ የሚተኙ ከሆነ መጀመሪያ ሰሌን፣ በላዩ ጆንያ ወይም አሮጌ ብርድ ልብስ፣ ከዚያ ፍራሹን ያድርጉ። ጋቢውን ከብርድ ልብሱ ውስጥ፣ ወደ ገላዎ አስጠግተው ይልበሱት፤ አራት እጥፍ የሆነው ጥጥ በመካከሉ አየር የሚይዘው ሳይጫን ሲቀር ነው፣ ከባድ ነገር አይከምሩበት። እግር አልሞቅ ካለ በሁለት ሊትር ሃይላንድ ግማሽ የፈላ፣ ግማሽ ቀዝቃዛ ውሃ ሞልተው ክዳኑን ያጥብቁና በጨርቅ ጠቅልለው ከእግርዎ ሥር ያኑሩት። የፈላውን ብቻ ካፈሰሱበት ላስቲኩ ይጨማደዳል፣ አልጋ ላይም ሊፈነዳ ይችላል።

ጥያቄ፦ ለመኝታ ቤት ከሰል ማስገባት ይቻላል? ፍሙ በደንብ ከቀላ አይጎዳም ይላሉ።

መልስ፦ አይቻልም። እንጅባራ ባለችበት አዊ ዞን ዲከረንስ የተባለው ዛፍ ከሰል እንደ ልብ ስለሚገኝ ይህ ወሬ በየቤቱ አለ፣ ግን ሐሰት ነው። ፍም መቅላቱ የሚታየውን ጭስ ያጠፋል እንጂ ካርቦን ሞኖክሳይድን አያጠፋም፤ እሱ ደግሞ አይታይም፣ አይሸትም። ዕጣን ማጨስም የቤቱን ሽታ ይለውጣል እንጂ ጋዙን አይነካውም። ከሰሉን ውጭ አያይዘው፣ በርና መስኮት ከፍተው ሳሎን ይሙቁ፤ ከመተኛትዎ በፊት ማንደጃውን ከነአመዱ ከቤት ያውጡት። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ ወይም የጉልበት መክዳት ቤተሰቡን በአንድ ጊዜ ከያዘ ሁሉም ወዲያው ወደ ውጭ ይውጣ፣ ከዚያም ወደ ጤና ተቋም። ወተትና ሎሚ እየሰጡ ጊዜ አያባክኑ።

ጥያቄ፦ ደብረ ማርቆስ ከመጣሁ ወዲህ እንጀራዬ ዓይን የለውም። ጤፉን ለወጥኩ፣ ምጣዱን አሰስኩ፣ ያው ነው።

መልስ፦ ጤፉን ይተዉት፤ ሊጡ በርዶታል። እርሾ ውስጥ ያሉት ሕዋሳት ሲበርዳቸው ይዘገያሉ፤ በሞቃት አገር በሁለት ተኩል ወይም በሦስት ቀን የሚደርስ ሊጥ እዚህ አራትና አምስት ቀን ሊፈልግ ይችላል። ቀን ቆጥሮ መጋገር ነው ጥፋቱ።

ለ3 ኪሎ ዱቄት ግማሽ ሊትር ያህል እርሾ ከለመዱ በበጋው ብርድ ወደ ሦስት ሩብ ያድርሱት። የሚያቦኩበት ውሃ ለብ ያለ ይሁን፤ እጅ ነክረው ማቆየት ካቃተዎት ግን እርሾውን ይገድለዋል። ባልዲውን ሊሾ ላይ አያስቀምጡ፤ ጣውላ ወይም ብርኩማ ላይ ያውጡት፣ ዙሪያውን በብርድ ልብስ ጠቅልሉት፣ ከተቻለም ጋግረው ሲጨርሱ ገና ያልቀዘቀዘው ምጣድ አጠገብ ያሳድሩት። መድረሱን የሚያውቁት ቢጫው ውሃ ከላይ ጠልሎ፣ ሊጡ ከታች ሲረጋ ነው።

ከዚያ አብሲቱ አለ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። የጠለለውን ውሃ ቀድተው ከሊጡ አንድ አሥረኛውን ያንሱ፣ በሦስት እጥፍ ውሃ በጥብጠው እያማሰሉ እስኪወፍር ያፍሉት። ከእሳት አውርደው ጣት የሚችለው ሙቀት ላይ ሲደርስ መልሱት። ሲፈላ ከመለሱት እርሾው ይሞታል፤ በደጋው ጠዋት ረስተውት ጭራሽ ከቀዘቀዘ ደግሞ ሊጡን የሚያነሳሳ ሙቀት አያገኝም። ሞቃት አገር ከሁለት ሰዓት በኋላ ኩፍ የሚል ሊጥ እዚህ ሦስትና አራት ሰዓት ሊያስጠብቅ ይችላል። መጀመሪያ አንድ ብቻ ይጋግሩ፤ ዓይኑ ከሳሳ ክዳኑን መልሰው ግማሽ ሰዓት ይታገሱ።

ጥያቄ፦ ቦሎቄና ሽምብራ አልበስል አለኝ። እንጨት ጨረስኩ።

መልስ፦ በ2,500 ሜትር ከፍታ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ እንኳ ሳይሞላ ነው፤ እሳት ቢጨምሩ ውሃው ቶሎ ያልቃል እንጂ ከዚያ በላይ አይሞቅም። ማታ ዘፍዝፈው ያሳድሩ፣ አንዴ ከፈላ እሳቱን ቀንሰው ድስቱን ይክደኑ። ጥራጥሬው ሳይለሰልስ ቲማቲምና ሎሚ አይግባበት፣ ያጠነክረዋል። ፕሬዠር ኩከር የሚገዙ ከሆነ ገንዘቡን የሚያወጡበት ቦታ ይህ ነው።

ጥያቄ፦ ከዓባይ ዳር ወደ ጮቄ ሥር መጣን። ወባ እዚህ ስለሌለ አጎበሩን ለዘመድ ብንሰጥስ?

መልስ፦ አይስጡ። ከ2,000 ሜትር በላይ ወባ እየሳሳ መሄዱ እውነት ነው፤ በሽታው ግን በደምዎ ይዘውት ሊወጡ ይችላሉ። ትኩሳቱ ከተነከሱ ከሳምንት በኋላና ከዚያም ዘግይቶ ሊመጣ ይችላል፤ ቫይቫክስ የተባለው ዓይነትማ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ይነሳል። ደጋ ላይ ብርድ ብርድ ሲል ሁሉም «ብርዱ ነው» ብሎ ጋቢ ይደርባል። ትኩሳት፣ ማንቀጥቀጥና ላብ ከተፈራረቁብዎ በዚያው ቀን ይመርመሩ፤ ለባለሙያውም በቅርብ ከቆላ መምጣትዎን ሳይጠየቁ ይንገሩት። ለመስቀልም ሆነ ለለቅሶ ወደ ታች ሲወርዱ አጎበሩ አብሮ ይውረድ።