ስካቫተሬን አከራይቼ የጎረቤት ቤት ተናደ፣ ተጠያቂው እኔ ነኝ?

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው። ጠያቂያችን ዳላስ ትራክ እየነዳ ይኖራል፣ ያገለገለ ባለ ሰንሰለት ስካቫተር ገዝቶ ደብረ ብርሃን ያለው ታናሽ ወንድሙ በጠቅላላ ውክልና ያሠራለታል፣ ሊብሬው ግን በሱ በጠያቂው ስም ነው። ክረምት ሊገባ ሲል ማሽኑ በደላላ በኩል ጂ ፕላስ ፎር ለሚሠራ ሰው ለቤዝመንት ቁፋሮ ተከራየ፣ ኦፕሬተሩ ከነሱ፣ ናፍጣው ከተከራይ። ቁፋሮው አልቆ ማሽኑን የሚጭነው ሎቤድ እየተጠበቀ ሳለ ሌሊት ከባድ ዝናብ ጣለና የጎረቤት አጥር ከነሰርቪስ ቤቱ ጉድጓዱ ውስጥ ተናደ። ሰው አልተጎዳም ተመስገን ነው። አሁን ጎረቤትየው ባለ ሕንፃውንም ማሽን አከራዩንም አንድ ላይ ከሷል፣ ባለ ሕንፃው ደግሞ ቀሪውን ኪራይ አልከፍልም ብሏል፣ ማሽኑ ፖሊስ ጣቢያ ቆሟል። በዛ ላይ ኦፕሬተሩ እሁድ ዕለት ለማንም ሳይናገር ማሽኑን ይዞ ወጥቶ ለአንድ ገበሬ የባሕር ዛፍ ጉቶ ሲነቅል የከተማውን የውሃ መስመር በጥሶ ስልኩን አጥፍቷል። "እኔ አገር ውስጥ እንኳን የለሁም፣ አንዱንም አላዘዝኩም፣ እንዴት ነው የምጠየቀው?" ይላል።

ወንድሜ መጀመሪያ የማትወደውን ልንገርህ። ክሱ ውስጥ ስምህ መግባቱ ስህተት አይደለም። ዳላስ መሆንህ፣ ተከራዩን አለማወቅህ፣ ሥራውን ወንድምህ መያዙ ያንተና የነሱ ጉዳይ ነው እንጂ ተጎጂውን አያገባውም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2081 የማሽን ወይም የመኪና ባለቤት ማሽኑ ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፣ ጉዳቱን ያደረሰው እንዲነዳ ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆን እንኳ። እዚሁ አንቀጽ ላይ የተሰጠህ ማምለጫ አንድ ነው፣ በዛን ሰዓት ማሽኑ ተሰርቆብኝ ነበር ብለህ ማስረዳት። "ጥፋት የለብኝም" የሚለው መከራከሪያ እዚህ ቦታ ላይ አይሠራም፣ ምክንያቱም ይሄ ክፍል ሲጀመር ስለ ጥፋት አይጠይቅም፣ ሊብሬው የማነው ብሎ ነው የሚጠይቀው። ብዙ ዲያስፖራ ማሽን ሲገዛ ስለ ዋጋውና ስለ ኢንጅኑ እንጂ ስለዚህች አንቀጽ ማንም አይነግረውም።

ግን በዚህ አያበቃም፣ ያንተ ኬዝ ላይ ጥሩ ክርክር አለ። ጥያቄው አጥሩን የጣለው ምንድነው የሚለው ነው። ባኬቱ ግድግዳውን ነክቶት ወይ ሲዞር በኋላው ገጭቶት ቢሆን ነገሩ ያለቀለት ነበር፣ ቀጥታ 2081 ነው። እዚህ ግን ማሽኑ ሥራ ጨርሶ ቆሟል፣ ግድግዳው የወደቀው በሁለተኛው ሌሊት ነው፣ የወደቀውም አፈሩ ከሥሩ ስለሸሸበት ነው። ይሄ "ማሽኑ ያደረሰው ጉዳት" ነው ወይስ "ጉድጓዱ ያደረሰው ጉዳት"? የኔ ሐሳብ ሁለተኛው ነው፣ ለሱ ደግሞ ሕጉ ሌላ ቁጥር አለው፣ 2069። ፈንጂ የሚያስቀምጥ፣ ከፍተኛ የኤሌክትሪክ መስመር የሚዘረጋ ሰውን ከሚጠይቀው ከዛው አንቀጽ ውስጥ የመሬትን ተፈጥሯዊ አቀማመጥ በመለወጥ ሌላውን ሰው አደጋ ላይ የጣለም ይጠየቃል ይላል። መሬቱን ለመለወጥ የወሰነው ማነው? ቤዝመንት ያስፈለገው፣ ፕላን ያሠራው፣ ፎርማኑን ቀጥሮ "እስከዚህ አውርደው" ያስባለው ባለ ሕንፃው ነው። ስለዚህ መልሳችሁ ላይ ዋናው ተጠያቂ እሱ ነው ብላችሁ አጥብቃችሁ ተከራከሩ። እሱም "ዝናቡ ነው፣ የአምላክ ሥራ ነው" ብሎ አያመልጥም፣ ቁጥር 2086 በነዚህ ኃላፊነቶች ላይ ከአቅም በላይ የሆነ ነገር መጣ ማለት አያድንም ይላል፣ የሚያድነው ጥፋቱ የተጎጂው የራሱ ሲሆን ነው። ክረምት ላይ ዝናብ ይዘንባል፣ ይሄን ደብረ ብርሃን ላይ ማስረጃ የሚጠይቅ ዳኛ አይኖርም።

አሁን ወደላክልኝ የጉድጓዱ ፎቶ እንምጣ። ሁለት ነገር ይታየኛል፣ አንዱ ላንተ አንዱ ባንተ ላይ። ላንተ የሚሆነው የቁፋሮው ግድግዳ ቀጥ ብሎ እንደ ቢላ የተቆረጠ ነው፣ ሾሪንግ (የአፈር መደገፊያ) የለም፣ ስሎፕ (ተዳፋት) የለም፣ አፈሩ ደግሞ ጥቁር አፈር ነው። ጥቁር አፈር በበጋ ይሰነጠቃል፣ ውሃ ሲያገኝ ያብጣል፣ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ከሆነ መውረዱ አይቀርም፣ ይሄን የሚያውቀውና ማወቅ ያለበት ኢንጂነሩ ነው። ከ2001ዱ የሕንፃ አዋጅ ጀምሮ ደግሞ የሚገነባ ሰው ለአጎራባች ንብረት ደህንነት ጥንቃቄ ማድረግ የሱ ግዴታ ነው፣ የማሽን አከራይ አይደለም። ባንተ ላይ የሚሆነው ደግሞ የሰንሰለቱ ዱካ ነው። ከአጥሩ ሥር፣ አንድ ሜትር በማይሞላ ቦታ ላይ፣ ደጋግሞ ተመላልሷል፣ የወጣው አፈርም እዛው ጠርዝ ላይ ተከምሯል። ሃያ ቶን የሚመዝን ማሽን ጠርዝ ላይ ሲመላለስና የአፈር ክምር ሲጨመርበት መሬቱ ምን እንደሚሆን የጎረቤትየው ኤክስፐርት በደንብ አድርጎ ያስረዳል። ኦፕሬተሩ ደሞዙን የሚበላው ከናንተ ስለሆነ የሱ የሥራ ላይ ጥፋት በቁጥር 2130 አሠሪው ላይ ይመጣል። አየህ፣ አንዱ ፎቶ ነው ግን ሁለታችሁም ትጎትቱታላችሁ።

ስለዚህ ወንድምህ ነገ ሳይሆን ዛሬ መሰብሰብ ያለበት ነገር አለ። ከከተማው ግንባታ ፈቃድ ክፍል የጸደቀው ፕላን ላይ የቤዝመንቱ ጥልቀት ስንት ነው? ፕላኑ ሦስት ሜትር ብሎ ጉድጓዱ አራት ተኩል ከሆነ ክርክሩ ግማሹ አለቀ ማለት ነው፣ ተጨማሪውን ያስቆፈረው ማን እንደሆነ ማስረዳት ብቻ ይቀራል። እሱን የሚናገረው የኦፕሬተሩ ረዳት ነው፣ ቀኑን ሙሉ እዛው ቆሞ የሚውለው እሱ ስለሆነ ፎርማኑ ምን እንዳለ ሰምቷል። የሚቻል ከሆነ ጉድጓዱ ሳይደፈን ሜትር ተይዞ በባለሙያ ይለካ፣ ባለ ሕንፃው ደፍኖ ፋውንዴሽን ካፈሰሰበት በኋላ ሁሉም እንደፈለገ ያወራል። ጎረቤቱም የሚያገኘው ካሳ ከደረሰበት ጉዳት ጋር እኩል ነው፣ 2091 እንደዛ ይላል፣ በጭቃ የተሠራ ሰርቪስ ቤት ሲናድ የብሎኬት ቤት ዋጋ አይጠየቅም፣ ስለዚህ የግምቱን ወረቀት ዝም ብላችሁ አትቀበሉት።

ይሄን ሁሉ ተከራክራችሁም ፍርድ ቤቱ ሁለታችሁም ኃላፊ ናችሁ ሊል ይችላል፣ እውነቱን ለመናገር የመሆን ዕድሉ ከፍ ያለው ይሄ ነው። እንደዛ ከሆነ በ2155 መሠረት የአንድነትና የነጠላ ኃላፊነት ነው፣ ጎረቤትየው ሙሉውን ከፈለገው ሰው ላይ መቀበል ይችላል፣ የሚሄደው ደግሞ ሊሸጥ የሚችል ነገር ወዳለው ነው፣ ያንተ ማሽን እዛው ጣቢያ በር ላይ ቆሟል። ለዚህ ነው ከባለ ሕንፃው ጋር ያለውን ሒሳብ በዛው ክስ ውስጥ አብሮ መጨረስ ያለባችሁ። አብሮ መከሰሱ ብቻውን አይበቃም፣ "ቢፈረድብኝ ይተካልኝ" የሚለውን መልስ ስትሰጡ በግልጽ ጠይቁ። ቁጥር 2082ም አለ፣ ማሽን ለራሱ ጥቅም ይዞ የሚሠራበትን ሰው ተጠያቂ ያደርጋል። ባለ ሕንፃው "ኦፕሬተሩ የናንተ ነው፣ በእጄ አልነበረም" ማለቱ አይቀርም፣ እናንተ ደግሞ ናፍጣ የሞላው፣ ጠዋት ሥራ የሚያዘው፣ ታይም ሺት (የሥራ ሰዓት መመዝገቢያ) የሚፈርመው ማነው በሉት።

ውክልናውን በተመለከተ ይሄን ልብ በል፣ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይወድቃል። ጠቅላላ ውክልና የማስተዳደር ሥራ ብቻ ነው የሚሰጠው (2204)፣ ማከራየት፣ ኪራይ መሰብሰብ፣ ማስጠገን። ክስ መመሥረት፣ ክስ መከላከል፣ መታረቅ ግን በ2205 መሠረት ልዩ ውክልና ይፈልጋል። ወንድምህ "ሽማግሌ ገብቶ ልንጨርስ ነው" ብሎ ጽፎልኛል ብለሃል፣ ሽምግልናው ጥሩ ነው፣ እኔም እደግፋለሁ፣ ግን ባለው ወረቀት ቢፈርም ነገ ሌላ ክርክር ነው የሚወልደው። ስለዚህ መክሰስ፣ መከሰስ፣ መታረቅ፣ ጠበቃ መወከል የሚሉት ቃላት በግልጽ የተጻፉበት አዲስ ውክልና ኤምባሲ ወይም ቆንስላ አስደርገህ ላክ፣ አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይም መረጋገጥ ስላለበት ጊዜ ይወስዳል፣ ዛሬ ጀምረው። መጥሪያው ደርሶ ማንም ካልቀረበ በሌለህበት ይታያል። ከተፈረደ በኋላ ፍርዱን ባወቅህ በአንድ ወር ውስጥ በቂ ምክንያት አቅርበህ እንዲነሳ መጠየቅ ትችላለህ (የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 78)፣ ግን ወንድምህ መጥሪያ ተቀብሎ እያለ "አላወቅኩም" ማለት ከባድ ነው።

ኪራዩን በሚመለከት ባለ ሕንፃው "ለጎረቤቱ እከፍልበታለሁ" ብሎ መያዝ አይችልም። ዕዳ በዕዳ ማቻቻል የሚቻለው ሁለቱም ገንዘብ መጠናቸው የታወቀና የመክፈያ ጊዜያቸው የደረሰ ሲሆን ነው፣ 1831ና 1832ን ተመልከት፣ ያንተ ኪራይ በተፈረመ ታይም ሺት ላይ በሰዓት ተሰልቶ ያለ ነው፣ የሱ ግን ገና ያልተፈረደ ክርክር ነው። ቁጥር 1772 ስለሚያዝ መጀመሪያ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ስጡት፣ መቀበሉን የሚያሳይ ፊርማ ወይም የፖስታ ደረሰኝ ያዙ፣ ከዛ ክሰሱ።

ማሽኑ ጣቢያ መቆሙ ግን ያናድዳል። ሰው አልሞተም አልቆሰለም፣ ጉዳዩ የካሳ ነው፣ ፖሊስ ጣቢያ የጎረቤት ገንዘብ ማስያዣ አይደለም። በምን መዝገብ እንደተያዘ በጽሑፍ ጠይቁ፣ መዝገብ ካለ በዋስትና እንዲለቀቅ ለፍርድ ቤት አመልክቱ፣ ከሌለ ደግሞ ለኃላፊው በደብዳቤ። ጎረቤትየው የሚፈራው ማሽኑ ተሽጦ እንዳይጠፋ ከሆነ ሊብሬው ላይ እንዳይሸጥ እንዳይለወጥ የሚል እግድ ከፍርድ ቤት ማውጣት ይችላል፣ እግድ ያለበት ማሽን ሠርቶ ገንዘብ ያመጣል፣ ጣቢያ የቆመ ግን ባትሪውም ይሞታል ናፍጣውም ይቀዳል።

የእሁዱ ጉቶ ነገር። ለምን እንደሄደ ይገባኛል፣ ባሕር ዛፍ ተቆርጦም ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል፣ ገበሬው መሬቱን ወደ እህል ሊመልስ ሲፈልግ በዶማና በመጥረቢያ ሥሩን ማውጣት ሲኦል ነው፣ ስካቫተር ደግሞ ነቅሎ ያራግፈዋል፣ ስለዚህ በጎን ጥሩ ይከፈላል። ችግሩ "ሳላውቅ ነው የወሰደው" ማለትህ ብቻ ነገሩን ስርቆት አያደርገውም። ቁልፉን ራሳችሁ የሰጣችሁት ሠራተኛ ነው፣ 2081 ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆንም ብሏል፣ የውሃ አገልግሎቱ ለጥገናው ወደ አንተ ይመጣል። በዚህ አትሟገት፣ የጥገናውን ዝርዝር አስመጥተህ ተደራደርና ክፈል፣ ከዛ ኦፕሬተሩ ላይ ተመለስ። ማስረጃው ማሽኑ ላይ አለ፣ አወር ሜትሩን (ማሽኑ የሠራበትን ሰዓት የሚቆጥረውን) ታይም ሺቱ ላይ ካለው ሰዓት ጋር አስተያዩት፣ ትርፍ የታየው ሰዓት የጎን ሥራው ነው። ግን አንድ ነገር አጣሩ፣ ከባሕር ዛፉ ጋር ወይራ፣ ጥድ ወይ ኮሶ አብሮ ተነቅሎ ከሆነ የደን አዋጁ 1065/2010 ይመጣልና ከወረዳው ጋር ሌላ ጣጣ ነው፣ ባሕር ዛፍ ብቻ ከሆነ ግን ተረጋጉ።

ኢንሹራንስ ስለመኖሩ አልነገርከኝም። ለማሽን የሚሸጠው ፖሊሲ በአብዛኛው ማሽኑ ራሱ ሲጎዳ ነው የሚከፍለው፣ ለጎረቤት አጥር የሚከፍለው የሦስተኛ ወገን ሽፋን ለብቻው የተጨመረ መሆኑን እዩ፣ ካለ ደግሞ ፖሊሲው ላይ የተጻፈው የማሳወቂያ ቀን ሳያልፍ ዛሬውኑ በጽሑፍ ይነገራቸው። ለሚቀጥለው ኪራይ በደላላ ቃል አትስጡ፣ አንድ ገጽ ውል ይበቃል፣ የጥልቀቱ ፕላን ከውሉ ጋር ይያያዝ፣ ሾሪንግና የመሬት ውስጥ መስመር ማሳየት የተከራይ ግዴታ ይሁን፣ በዛ ምክንያት ለሚመጣ ካሳ ተከራዩ ይተካ ይባል፣ ማታ ማታ ቁልፉ የት እንደሚያድርም ይጻፍ። ይሄ ውል ከጎረቤቱ አያድንህም፣ ከፍለህ ስትመለስ ግን የምትይዘው እሱን ነው።

የክሱን ኮፒ፣ የታይም ሺቶቹን ፎቶና ያለውን ውክልና ላክልኝ፣ ከሁሉም በፊት ግን የቀጠሮውን ቀን ንገረኝ።