ካጸዳሁት ወዲህ ስክሪኑ ጥቁር ሆነብኝ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የዴስክቶፕ ኮምፒውተሬ ፋን ከልክ በላይ ይጮህ ስለነበር ከፍቼ አቧራውን አጸዳሁት። የተጠቀምኩት ለስላሳ ብሩሽ ነው። ብሩሹ ያልደረሰበትን ደግሞ በፀጉር ማድረቂያ ቀዝቃዛ አየር ነፋሁት። እንዲመቸኝ ብዬ ሁለቱን ራሞች (ጊዜያዊ ማስታወሻዎቹን) እና ግራፊክስ ካርዱን (ምስል የሚያወጣውን) አውጥቼ መልሻቸዋለሁ። ፕሮሰሰሩን፣ የኮምፒውተሩን አእምሮ፣ ግን አልነካሁም። አሁን ሳበራው መብራቱ ይበራል፣ ፋኖቹ ይዞራሉ፤ ሞኒተሩ ግን «ሲግናል የለም» ብሎ ይጠፋል። ጢጥ የሚል ድምፅ እንኳ የለም። እስካጸዳው ድረስ አንድም ችግር አልነበረበትም። የመመረቂያ ጽሑፌ ያለው እዚያው ውስጥ ብቻ ነው። አቃጥዬው ይሆን? እባክዎ ይርዱኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ አይዞሽ። በመጀመሪያ ስለ ጽሑፍሽ ልንገርሽ፤ እንቅልፍ የነሳሽ እሱ መሆኑ ገብቶኛል። ጽሑፍሽ ያለው ዲስኩ ላይ ነው። ስክሪን ላይ ምስል ማምጣት ደግሞ የዲስኩ ሥራ አይደለም። ማዘርቦርዱ፣ ሁሉም ዕቃ የሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ፣ ሞቷል ብንል እንኳ ዲስኩን ፈቶ ሌላ ኮምፒውተር ላይ በመሰካት ፋይሉን መቅዳት ይቻላል። ዊንዶውስ ዲስኩን ቆልፎት ከሆነ የመክፈቻ ቁጥር ይጠይቅሻል። እሱም ብዙውን ጊዜ ማይክሮሶፍት አካውንትሽ ውስጥ ይገኛል።

አሁን ወደ ኮምፒውተሩ እንምጣ። ከመጽዳቱ በፊት ደህና የነበረ ማሽን ከጸዳ በኋላ እምቢ ካለ፣ አብዛኛውን ጊዜ የተቃጠለ ነገር የለም። ከቦታው የተነቃነቀ ነገር ነው ያለው። ስለዚህ አዲስ ዕቃ ልግዛ ከማለትሽ በፊት እጅሽ የነካውን ሁሉ አንድ በአንድ ተከታተዪ።

የፋኑ መዞር አያሳስትሽ። ፋን ለመዞር ከፓወር ሰፕላዩ፣ ኤሌክትሪክ ከሚያከፋፍለው ሳጥን፣ 12 ቮልት ካገኘ ይበቃዋል። ምስል እንዲመጣ ግን ባዮሱ፣ ኮምፒውተሩ ሲበራ ቀድሞ የሚነሳው ፕሮግራም፣ መጀመሪያ ራሙን ፈትሾ ማለፍ፣ ቀጥሎም ግራፊክሱን ማግኘት አለበት። ራሙ ላይ ከተደናቀፈ ሞኒተሩ ምንም አይደርሰውም። ድምፅ አለመኖሩም ብዙ አይነግረንም። ጢጥ የምትለዋ ትንሽ ስፒከር ያልተገጠመችላቸው ማዘርቦርዶች ብዙ ናቸው።

ካቻቢቴ ከማንሳትሽ በፊት ከኋላ በኩል ያሉትን ገመዶች እዪ። ስታጸጂ ሁሉንም ነቅለሽ ነበር አይደል? የሞኒተሩን ገመድ የመለስሽው የት ላይ ነው? ከላይ፣ ከዩኤስቢዎቹ አጠገብ ያለው መሰኪያ የማዘርቦርዱ ነው። ዝቅ ብሎ ጎን ለጎን የተደረደሩት የግራፊክስ ካርዱ ናቸው። ካርድ ካለሽ ገመዱ መሰካት ያለበት ካርዱ ላይ ነው። ላይኛው ላይ ከሰካሽው ካርዱ ደህና ሆኖም ስክሪኑ ጥቁር ሊሆን ይችላል፤ ምክንያቱም ብዙ ማዘርቦርዶች ካርድ ሲያዩ የራሳቸውን መውጫ ይዘጋሉ። አንዳንድ ፕሮሰሰሮች ደግሞ ከነጭራሹ ግራፊክስ የላቸውም፤ ለምሳሌ በስማቸው መጨረሻ ኤፍ የሚል ፊደል ያለባቸው የኢንቴል ፕሮሰሰሮች።

ይህ ትክክል ከሆነ ኮምፒውተሩን አብሪና አንድ ደቂቃ ያህል ጠብቀሽ ኪቦርዱ ላይ ካፕስ ሎክን ተጫኚ። መብራቷ ስትጫኚ ከበራችና ስትደግሚ ከጠፋች ኮምፒውተሩ ተነስቷል ማለት ነው። ችግሩ ያለው ካርዱ፣ ገመዱ ወይም ሞኒተሩ ጋ ነው። መብራቷ ካልተነቃነቀች ግን ማሽኑ መንገድ ላይ ቆሟል። እኔ ያንቺ ይሄኛው ይመስለኛል፤ ጥርጣሬዬም ራሙ ላይ ነው።

አጥፊውና ገመዱን ከግድግዳው ንቀዪ። ከዚያ ማብሪያውን 10 ሰከንድ ያህል ተጭነሽ ያዢ፤ ውስጡ የቀረው ኤሌክትሪክ ይወጣል። ኬዙን ከፍተሽ ምንም ከመንካትሽ በፊት ቀለም ያልተቀባ ብረቱን በእጅሽ ንኪ። ሰውነታችን ላይ የሚጠራቀመው ስታቲክ እኛ ሳይሰማን ቺፕ ሊጎዳ ይችላል።

ሁለቱንም ራሞች አውጪ። ከታች ያሉትን ወርቃማ ጥርሶች በብርሃን ተመልከቻቸው። ዲዲአር4 የሚባለው ራም የሁለቱ ገጽ ተደምሮ 288 ጥርስ አለው። አንዷን ጥርስ እንኳ የአቧራ ቅንጣት ወይም የጣት ቅባት ከሸፈናት ማሽኑ ላይነሳ ይችላል። ጥጥ በአልኮል ነክረሽ በቀስታ ጥረጊያቸው፤ ውሃ ያልበዛበት፣ 90 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ የሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል ይሁን። ከሌለሽ ነጭ ለስላሳ ላጲስም ይሠራል፤ ፍርፋሪው ግን ማዘርቦርዱ ላይ እንዳይወድቅ ራቅ ብለሽ አድርጊው።

ቀጥሎ ራሙ የሚገባበትን ቀዳዳ በስልክሽ መብራት ከላይ ወደ ታች እዪው። ብሩሽ እንደተጠቀምሽ ስትነግሪኝ ቶሎ ትዝ ያለኝ ይሄ ነው። ከብሩሹ የተነቀለች አንዲት ፀጉር እዚያ ስንጥቅ ውስጥ ተጋድማ ትቀራለች። በጥቁሩ ፕላስቲክ መሀል ጥቁር ፀጉር በቀላሉ አይታይም፤ መብራቱን ወደ ጎን ዘንበል ስታደርጊው ነው ጥላዋ የሚወጣው። በፕላስቲክ ወረንጦ አውጫት። በመርፌ ወይም በብረት ነገር አትጎርጉሪ፤ ውስጥ ያሉት ጥርሶች ቀጫጭን ናቸው።

ስትመልሺው አንዱን ራም ብቻ መልሺ። ብዙዎቹ ባለ አራት ቀዳዳ ማዘርቦርዶች ላይ አንድ ራም ሲሆን ከፕሮሰሰሩ ቆጥረሽ ሁለተኛው ቀዳዳ ይመረጣል። ራሙ ጥርሶች መካከል ያለችው ትንሽ ክፍተት ልክ መሀል ላይ አይደለችም፤ ከቀዳዳው ጉብታ ጋር አስተያዪያት። ካልገጠመች አዙሪው እንጂ በጉልበት አትግፊ። ከገጠመች በኋላ በሁለት አውራ ጣት ጫፍና ጫፉን ጫን አድርጊው። ያን ጊዜ አትፍሪ፤ ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፣ እሰብረዋለሁ ብሎ እጁን ያላላል። መያዣው በራሱ ተመልሶ ቀጭ እስኪል ድረስ ተጫኚ። አንዳንድ ማዘርቦርድ መያዣ ያለው በአንድ ጫፍ ብቻ ነው። ያኔ የሚያታልለው ባዶው ጫፍ ነው፤ የገባ መስሎ ትንሽ ከፍ ብሎ ይቀራል። ጎንበስ ብለሽ ከጎን እዪው፤ ወርቃማው መስመር በአንድ በኩል ብቅ ብሎ ከታየሽ አልገባም።

አብሪው። ምስል ካልመጣ ሌላኛውን ራም እዚያው ቀዳዳ ላይ ሞክሪ፤ ከዚያ ቀዳዳ ቀይሪ። በእያንዳንዱ ሙከራ መሀል ማጥፋትና ከግድግዳ መንቀል እንዳትረሺ። ራምሽ ዲዲአር5 ከሆነ ግን አትቸኩዪ። ራሙ ከተነካካ በኋላ መጀመሪያ ሲበራ ማዘርቦርዱ እንደ አዲስ ስለሚለካው ስክሪኑ ለጥቂት ደቂቃዎች ጥቁር ሆኖ ሊቆይ ይችላል።

ራሙ ካልሆነ ሁለት የኃይል ገመዶች አሉ። አንዱ ከፕሮሰሰሩ አጠገብ፣ ማዘርቦርዱ ላይኛው ጥግ ላይ የሚሰካው ባለ 4 ወይም ባለ 8 ቀዳዳው ነው። እሱ ከላላ ፋኖቹ ይዞራሉ፣ መብራቱ ይበራል፣ ምስል ግን የለም፤ ልክ አንቺ እንደጻፍሽው። ሁለተኛው ግራፊክስ ካርዱ ጎን ላይ የሚሰካው ነው። ካርዱ ራሱም ወደ ታች ተጭኖ መያዣው መቆለፍ አለበት። ከኋላ ያለውን ብሎን ስታጠብቂ ካርዱን ከፍ አድርጎ ሊያስወጣው ስለሚችል ካሰርሽ በኋላ ደግመሽ እዪው።

አዲስ ማዘርቦርድ ከሆነ ጠርዙ ላይ ሲፒዩ (ፕሮሰሰር)፣ ዲራም (ራም)፣ ቪጂኤ (ግራፊክስ)፣ ቡት (ከዲስክ መነሳት) የሚል ጽሑፍ ያላቸው ትናንሽ መብራቶች ፈልጊ። በርቶ የቀረው የትኛው እንደሆነ ካየሽ ግማሹ ሥራ አለቀ። ይህ ሁሉ ካልሠራ ክቧን ባትሪ፣ ሲአር2032 የምትባለዋን፣ ገመዱ እንደተነቀለ አውጥተሽ አምስት ደቂቃ ያህል አቆይተሽ መልሺያት። የባዮሱ ቅንብር ወደ መጀመሪያው ይመለሳል፤ ሰዓቱና ቀኑ ይሳሳታል እንጂ ፋይልሽ አይነካም።

ከዚህ በላይ ፕሮሰሰሩን እንዳታነሺ። ወደ ባለሙያ ስትወስጂውም በሌላ ራምና በሌላ ፓወር ሰፕላይ እንዲሞክርልሽ ጠይቂ። «ፎርማት ላድርገው» ካለሽ ግን ኮምፒውተርሽን ይዘሽ ውጪ። ምስል የማይመጣ ማሽን በፎርማት አይድንም፤ የሚጠፋው ጽሑፍሽ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ የእኔም ችግር የመጣው ካጸዳሁት በኋላ ነው። ምስሉ ይመጣል፤ ጥቂት ቆይቶ ግን ኮምፒውተሩ በራሱ ድርግም ብሎ ይጠፋል። አቧራውን ለመጥረግ የፕሮሰሰሩን ፋን ከነብረቱ አንስቼ መልሼ አስሬዋለሁ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ያንተ ሙቀት ነው የሚመስለው። በብረቱና በፕሮሰሰሩ መሀል ሙቀት የሚያስተላልፍ ቅባት አለ፣ ቴርማል ፔስት የሚባለው። ብረቱ አንዴ ከተነሳ አሮጌው ቅባት እንደገና በደንብ አይገጥምም፤ መሀሉ አየር ይገባል። በአልኮል ጠርገህ አዲስ፣ የአተር ፍሬ የምታክል አድርግበት። ብሎኖቹን አንዱን ጨርሰህ ወደ ሌላው አትሂድ፤ በማዕዘን እየተሻገርክ ሁሉንም ጥቂት ጥቂት አጥብቅ። የፋኑ ገመድም ሲፒዩ ፋን የሚል ጽሑፍ ያለበት ቦታ ላይ መሰካቱን እይ። ከዚያ ባዮስ ውስጥ ገብተህ ሙቀቱን አንብብ። ምንም ሥራ ሳይሰጠው ወደ 90 ዲግሪ እየወጣ ከሆነ ወዲያው አጥፋውና ብረቱን እንደገና አስቀምጠው።