ቤት ያገኘ ሰው ዘመዱን የት ያድርግ? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

የዚህ ሳምንት ደብዳቤዎች በብዛት የመጡት ካናዳ ውስጥ በሼልተር (ቤት አልባዎች በሚያድሩበት መጠለያ) እና በቤት ድጋፍ ሥራ ከተሰማሩ ወገኖች ነው። ብዙዎቹ የሚረዱት ቤት አልባ የሆኑትን የአገሩን ነባር ሕዝቦች ነው፦ ፈርስት ኔሽንስ፣ ኢኑይትና ሜቲስ። ነባር ሕዝቦች ከካናዳ ሕዝብ 5 በመቶ ገደማ ናቸው። ጎዳናና ሼልተር ውስጥ ካለው ሰው ግን ሲሶው ገደማ እነሱ ናቸው።

ሴፕቴምበር 30፣ የነባር ሕዝቦች አዳሪ ትምህርት ቤቶች ሰለባዎች የሚታሰቡበት ቀን፣ ሥራ አለ ወይስ የለም? (ከቶሮንቶ)

የፌዴራል መንግሥት ወይም በፌዴራል ሕግ የሚተዳደር ድርጅት (ለምሳሌ ባንክ) ሠራተኛ ከሆንክ ዕረፍት ነው። ሌላውን የኦንታሪዮ ሕግ አያስገድድም፤ የሥራ ውልህን እይ።

መንግሥት ገንዘብ ይሰጣቸዋል፣ ግብርም አይከፍሉም፤ ታዲያ ለምን ጎዳና ይወድቃሉ? (ከዊኒፔግ)

ጠያቂው ኬዝ ወርከር (የተረጂዎችን ጉዳይ የሚከታተል ሠራተኛ) ነው። ወንድሜ፣ ይህን ይዘህ ክላየንት (ተረጂ) ፊት አትቀመጥ። ከግብር ነፃ የሚሆነው ስታተስ ያለው (የፈርስት ኔሽንስ አባል ተብሎ በመንግሥት መዝገብ የተመዘገበ) ሰው ሪዘርቭ፣ ማለትም ለፈርስት ኔሽንስ በተከለለ መሬት፣ ላይ የሚያገኘው ገቢ ነው። ዊኒፔግ ተቀጥሮ የሚሠራው እንዳንተው ይቆረጥበታል። አንተ ያለህበት መሬት የትሪቲ 1 (ነባር ሕዝቦች ከካናዳ መንግሥት ጋር የተዋዋሉት ውል) መሬት ነው። በዚያ ውል ለአንድ ሰው የሚከፈለው 5 ዶላር ነው። በዓመት! ከ1875 ጀምሮ ያው ነው።

ለምን እንደሚወድቁ ከጠየቅህ ከልጅነታቸው ጀምር። ከ150 ሺህ በላይ ልጆች ከወላጆቻቸው ተነጥለው አዳሪ ትምህርት ቤት ገብተዋል። የመጨረሻዎቹ የተዘጉት በ1990ዎቹ ነው። ልጅ መንጠቁ ግን በዚያ አላበቃም። በ2021 ቆጠራ፣ ከ15 ዓመት በታች ካሉ ልጆች የነባር ሕዝቦች ልጆች 7.7 በመቶ ነበሩ። ፎስተር ቤት (ከወላጅ የተወሰደ ልጅ በአደራ የሚያድግበት ቤት) ካሉት ልጆች ግን 53.8 በመቶ ነበሩ። ከፎስተር ቤት ዕድሜው ደርሶ የወጣ ልጅ ሲቸግረው ወዴት ይመለስ? ያንተ ሼልተር በር ላይ የሚቆመው እሱ ነው።

ክላየንቴ እንግዳ አስገባ፤ ፋይሉን ልዝጋ? (ከቶሮንቶ)

የእህታችን ደብዳቤ ረጅም ነው፣ ላሳጥረው። ለዓመታት ሼልተር የኖረ አንድ የኦጂብዌ (ከፈርስት ኔሽንስ አንዱ ሕዝብ) ሰው ባለ አንድ መኝታ አፓርታማ አስገባች። በሁለተኛው ወር የእህቱ ልጆች ሦስት ሆነው መጡበት። ሳሎኑ በፍራሽ ተሞላ። ጎረቤት በጩኸቱ ተማረረ፣ አከራዩ ማስጠንቀቂያ ሰጠ። «እንግዳ አታስገባ ብዬው ነበር፣ አልሰማኝም» ትላለች።

አትዝጊ እህቴ። ውጭው ከዜሮ በታች 15 ሆኖ የእህቱ ልጅ በር ሲያንኳኳ ምን እንዲያደርግ ፈለግሽ? እኛስ ቤት ከገጠር የመጣ ዘመድ ስንት ወር ይከርም የለ? የሜቲስ-ክሪው ምሁር ጄሲ ትስል በ2017 የነባር ሕዝቦችን ቤት አልባነት በ12 መልክ ከፍሎ አስቀምጦታል። ጣሪያ ማጣት ብቻ አይደለም፤ ከመሬት፣ ከዘመድ፣ ከባህል መቆረጥም ነው። ዘመዱን ከበር እንዲመልስ የሚያስገድደው ቤት በዚህ መለኪያ ገና ቤት አልሆነም።

ስለዚህ ሂጂና ጠረጴዛው ላይ ቁጭ በይ። ልጆቹ እነማን ናቸው? ከየት መጡ? እነሱም ቤት ፈላጊ ናቸው፤ የከተማው የቤት ተጠባባቂ መዝገብ ላይ ይግቡ። አከራዩን ራስሽ አነጋግሪው፣ ጩኸት ሲኖር ከማንም በፊት ላንቺ እንዲደውል ስልክሽን ስጪው። ክላየንትሽም ምናልባት እንግዳው በዝቶበት እምቢ ማለት አቅቶት ይሆናል። ያኔ ስምሽን አውሺው፦ «ኬዝ ወርከሬ ከለከለችኝ» ይበል። አንቺ ብትጠዪ ምንም አይደለም፣ እሱ ግን ከዘመዱ ጋር ይኖራል።

ሕጉንም እወቂ። በኦንታሪዮ አከራይ እንግዳ ጨርሶ መከልከል አይችልም። ቤቱ ከጤናና ከደህንነት ደንብ በላይ ከተጨናነቀ ወይም ጎረቤት ከተረበሸ ግን ሊከስ ይችላል። ማስጠንቀቂያ ወረቀት ደግሞ የማስወጫ ትዕዛዝ አይደለም። ትዕዛዝ የሚሰጠው ላንድሎርድ ኤንድ ተናንት ቦርድ (የአከራይና ተከራይ ክርክር የሚዳኘው አካል) ነው፣ የሚያስፈጽመውም ሸሪፍ ብቻ ነው። ወረቀቱን ይዘሽ ኮሚኒቲ ሊጋል ክሊኒክ (ገቢው አነስተኛ ለሆነ ሰው የሕግ ምክር የሚሰጥ ቢሮ) ሂጂ። ነገ ሳይሆን ዛሬ፤ ቀን ካለፈ ሕጉም አያድነውም።

ሁሉ ተሞክሮ ቤቱን ቢያጣስ? ሌላ ቤት ትፈልጊለታለሽ። ሃውሲንግ ፈርስት (ከሁሉ በፊት ቤት የሚለው አሠራር) ማለት ይኸው ነው፤ ድጋፉ ከኪራይ ውሉ ጋር አይቋረጥም። በሚቀጥለው ግን ፊርማ ከመፈረሙ በፊት «ማን ይመጣብሃል?» ብለሽ ጠይቂው። መልሱ ሦስት ልጆች ከሆነ ለባለ ሁለት መኝታ ተከራከሪ።

ስታተስ ካርድ የተከለከለችው ክላየንቴ ተስፋ ቆርጣለች (ከኤድመንተን)

አያቷ የነባር ሕዝቦች አባል ያልሆነ ሰው በማግባቷ ስታተሷን ተነጥቃለች፤ ክላየንትሽም ከዓመታት በፊት አመልክታ አልተሳካላትም። እንደገና ታመልክት። በጋብቻ ስታተስ መንጠቅ የቀረው በ1985 ነው። ያኔ ከቀሩት ገደቦች አንዳንዶቹ ደግሞ በ2019 ተነስተዋል፤ በፊት «አይገባሽም» የተባለች ዛሬ ሊገባት ይችላል። ካርዱ መድኃኒት፣ ጥርስና መነጽር ያስገኛል። የወላጆች ስም ያለበት የልደት ምስክር ወረቀት አውጪላት። ለቀረው ፍሬንድሺፕ ሴንተር (በከተማ የሚገኝ የነባር ሕዝቦች ማኅበራዊ ማእከል) ጠይቂ።

ኤልደር (የነባር ሕዝቦች አዋቂ ሽማግሌ) ዘንድ ስሄድ ምን ልያዝ? (ከካልጋሪ)

ብዙ ጊዜ ትምባሆ ነው፤ ግን አስቀድመሽ ጠይቂ። ለኢኑይት ልማዱ አይደለም። አበላቸውን ደግሞ መሥሪያ ቤትሽ ይክፈል።

ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ (ከተማውን እንዳልጽፍ የጠየቀ)

የሼልተር የሌሊት ሠራተኛ ነው። በናሎክሶን (የኦፒዮይድ ዕፅ ከመጠን በላይ የወሰደን ሰው የሚያነቃ መድኃኒት) ብዙ ሰው አትርፏል። ባለፈው ወር ግን በየማታው ቡና የሚቀዳለት ሰው መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሞቶ አገኘው። ከሽፍት በኋላ መኪናው ውስጥ ብቻውን ይጠጣል። «ወንድ ነኝ፣ ያልፋል» ይላል።

ወንድሜ፣ እንዲህ ተይዞ አያልፍም። በዚህ ሳምንት ሐኪም ዘንድ ሂድ፤ መጠጡንም አትደብቀው። ሌሊቱ ከከበደህ ራስን የማጥፋት ቀውስ እርዳታ መስመር 988 ደውል ወይም ቴክስት አድርግ፤ ካናዳ ውስጥ ሃያ አራት ሰዓት ይሠራል። ጉዳቱ የደረሰብህ ሥራ ላይ ነውና ለአለቃህ በጽሑፍ አሳውቅ። ለሟቹ ሥርዓት የሚደረግ ከሆነ ደግሞ ፈቃድ ጠይቀህ ከወዳጆቹ ጋር ቁም፤ አንተም ወዳጁ ነበርክ። ሐኪሙን ካየህ በኋላ ጻፍልኝ፤ እጠብቃለሁ።