መልስ፦ ሐይቅ ዳር ወፍ ብንቆጥር ይጠቅማል ወይ?
ወንድሜ፣ የሰፈር ልጆች ሰብስበን ወሎ ባለው በሐይቅ ዳር ወፍ ብንቆጥር ለጥበቃ ይጠቅማል ወይ ብለሃል። በጣም ይጠቅማል! ባለሙያ መሆን የግድ አይደለም። የግድ የሚሆነው መደጋገም ነው፤ ሁሌም በዚያው ቦታ፣ በዚያው ሰዓት ቁጠሩ። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም (ድሮ ደሴት ነበር) ሴት ስለማያስገባ እህቶቻችን እንዳይቀሩባችሁ በከተማው በኩል ያለውን ዳርቻ ምረጡ።

ዝርያውን ያላወቃችሁትን ዳክዬ «ዳክዬ» ብቻ ብላችሁ ጻፉት፤ ግምት መዝገቡን ያበላሸዋል። ምንም ያላያችሁበትን ቀንም መዝግቡ፣ እሱም መረጃ ነው። ኢበርድ የሚባለው ነፃ መተግበሪያ ያለ ኔትወርክም ይመዘግባል።

ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡት ወፎች በብዛት የሚታዩት ከጥቅምት እስከ የካቲት ስለሆነ ያኔ ጀምሩ። ዓለም አቀፉ የውኃ ወፎች ቆጠራም ጥር ላይ ነው። ጎጆ ያለበት ሸንበቆ ውስጥ ግን እባካችሁ አትግቡ።