የረዘመና የተጣመመ የዶሮ ምንቃርን ስለ ማስተካከል፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ በጓሮዬ የማረባት ቦቫንስ ዶሮ የላይኛው ምንቃሯ ረዝሞ ወደ ታች ታጥፏል። ልቁረጠው ወይስ በራሱ ይስተካከላል?

መልስ፦ የላይኛው ምንቃር ከታችኛው አንድ ወይም ሁለት ሚሊሜትር ቢበልጥ ተፈጥሮው ስለሆነ አይንኩት። ከዚያ አልፎ ጥሬ ለማንሳት ካስቸገራት ግን መጠበቁ ዶሮዋን ያከሳታል። ምንቃር እንደ ሰው ጥፍር ዘወትር ያድጋል፤ ውጭ የሚውል ዶሮ አፈር ሲቆፍርና ምንቃሩን በድንጋይ ሲጠርግ ይሞርደዋል፤ ቤት ተዘግቶበት በሰጋቱራ ላይ የሚውልና የተፈጨ መኖ ብቻ የሚበላ ግን የሚሞርድበት ነገር አያገኝም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ደም ሳይፈስ የት ድረስ መቁረጥ እንደሚቻል በምን ይታወቃል?

መልስ፦ ዋናው ነገር ይህ ነው። የምንቃር ውጫዊ ሽፋን ስሜት የሌለው ቢሆንም፣ ከሥሩ አጥንት፣ የደም ሥርና ነርቭ ያለበት ሕያው ክፍል ስላለ፣ ያንን የነካ ሰው ዶሮዋን ክፉኛ ያሳምማታል። ምንቃሩ ነጣ ያለ ከሆነ ከጎኑ የእጅ ባትሪ ሲያበሩበት ሕያው ክፍል ሮዝ ሆኖ ይታያል፤ ጫፉ ግን ብርሃን ያሳልፋል። እርስዎ የሚያነሱት ከዚህ ብርሃን አሳላፊ ጫፍ ብቻ ነው፣ እሱንም ሁሉንም አይደለም። ጥቁር ምንቃር ባላቸው የሐበሻ ዶሮዎች ላይ ድንበሩ ስለማይለይ፣ መቁረጫ ባይጠቀሙና በጥፍር ሞረድ ብቻ ቀስ እያሉ ቢሞርዱ እመርጣለሁ። ምንቃሩ በጣም የረዘመ ከሆነም በአንድ ቀን ልኩን ለማድረስ አይሞክሩ፤ ጥቂት አንስተው ከሳምንት በኋላ ይመለሱበት።

ጥያቄ፦ ብቻዬን ስሆን እንዴት ልያዛት?

መልስ፦ ዶሮ ሲመሽ ስለሚረጋጋ ያኔ ይያዟት፤ ክንፎቿን በፎጣ ጠቅልለው ከጭንዎ ላይ ያስቀምጧት። ደረቷን ግን አይጫኑት፤ ዶሮ የምትተነፍሰው የደረቷን አጥንት ከፍ ዝቅ በማድረግ ስለሆነ አጥብቆ መያዝ ትንፋሽ ያሳጣታል። ጭንቅላቷን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ሲደግፉ አፍንጫዋን እንዳይሸፍኑ፣ ከታችኛው ምንቃር ሲያነሱም ምላሷ ከመቁረጫው ውስጥ እንዳይገባ ይጠንቀቁ። መሣሪያውን አስቀድመው በአልኮል ይጥረጉት።

ጥያቄ፦ ቢደማስ? በጋለ ቢላዋ ተኩሰው የሚሉ አሉ።

መልስ፦ አይተኩሱ፤ ቃጠሎው በቁስሉ ላይ ሌላ ቁስል ነው። በንጹሕ ጨርቅ ላይ የበቆሎ ስታርች ወይም ዱቄት ነስንሰው ደሙ እስኪቆም ሳይለቁ ይጫኑት። ደሙ እንደ ቆመም ወዲያው ከመንጋው ጋር አይቀላቅሏት፤ ዶሮዎች ደም ሲያዩ መንቆራቸውን አይተዉም። ደሙ አልቆም ካለ ወደ እንስሳት ሐኪም ይውሰዷት።

ጥያቄ፦ የአንዷ ጫጩቴ የላይኛውና የታችኛው ምንቃር ተጠላልፏል። በመቁረጥ ይቃናል?

መልስ፦ አይቃናም። ችግሩ የሚመጣው ከዘር፣ ከእንቁላል አስፈልፋይ መሣሪያ የሙቀት ጉድለት ወይም ከጉዳት ሲሆን፣ ጠማማው አጥንቱ ጭምር በመሆኑ በማሰርም ሆነ በመጎተት ለማቅናት መሞከር ሥቃይ ብቻ ያተርፋል። እየተከታተሉ ጫፎቹን በመሞረድ ግን ለመብላት ይቀላታል። መኖዋን በውኃ አርጥበው ጥልቀት ባለው ዕቃ ቢያቀርቡላትና ከሌሎቹ ለይተው ቢመግቧት፣ ብዙ እንዲህ ያሉ ዶሮዎች ጤነኛ ሆነው እንቁላል ይጥላሉ። ላባዋን በደንብ ማጽዳት ስለማትችል ቅማልና ቁንጫ ይፈትሹላት፤ ለማስፈልፈል ግን እንቁላሏን አይጠቀሙ።

ጥያቄ፦ ትልልቅ እርባታዎች ዶሮ እንዳይነቋቆር የሚያደርጉት ቆረጣም ይህ ነው?

መልስ፦ አይደለም። እነሱ ጫጩቷ ገና በተፈለፈለች በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሕያውን ክፍል ጭምር በጋለ ምላጭ ወይም በኢንፍራሬድ ጨረር ያነሳሉ፤ በቤት የሚሞከር ነገር አይደለም። ታዳጊ ገዝተው የታችኛው ምንቃሯ ከላይኛው በልጦ ካገኙት ምናልባት የዚሁ ቆረጣ ውጤት ነው፤ በደንብ እየበላች ከሆነ ይተዉት። መንጋዎ የሚነቋቆር ከሆነ መጀመሪያ መጣበቡን፣ የብርሃኑን ብዛትና የመኖውን የፕሮቲን መጠን ይመርምሩ።

ጥያቄ፦ ምንቃሩ ሲነኩት የሚታጠፍ ለስላሳ ጫጩትስ?

መልስ፦ እሱን ፈጽሞ አይቁረጡ። አብዛኛውን ጊዜ የካልሲየም፣ የፎስፈረስ ወይም የቫይታሚን ዲ እጥረት ምልክት ስለሆነ፣ መኖውን ለጫጩት በተዘጋጀ ይለውጡ፤ ጠዋት ጠዋትም ፀሐይ ያሙቁት።