እናቴን ሐኪም ዘንድ ብወስዳት እምነት ማጣት ይሆንብኛል?

ጥያቄ፦ እናቴ ገጠር ነው የምትኖረው፣ 74 ዓመቷ ነው። አባቴ ካረፈ ወዲህ እህል አትቀምስም ማለት ይቻላል። እንቅልፍ የላትም፣ ማስቀደስም ትታለች። «ምነው በወሰደኝ» ትላለች። ገሚሱ እርጅና ነው ይለኛል፤ ገሚሱ ጸበል ብቻ ይበቃታል ይላል። ሐኪም ዘንድ ብወስዳት እምነት ማጣት ይሆንብኛል?

መልስ፦ አይሆንም እህቴ፣ ውሰጃቸው።

ኤልያስን አስቢ። በጸሎቱ እሳት ከሰማይ የወረደለት ነቢይ፣ ብዙም ሳይቆይ ምድረ በዳ ተቀምጦ «ይበቃኛል፣ ነፍሴን ውሰድ» አለ (1ኛ ነገሥት 19)። እግዚአብሔር አልተቆጣውም። መልአኩ ቀስቅሶ እንጎቻና ውኃ ሰጠው። በልቶ ተኛ፤ ደግሞ ቀስቅሶ አበላው። ንግግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የተጨነቀን ሰው «እምነትህ ስለደከመ ነው» የሚሉ ሁሉ ይህችን ምዕራፍ ቢያነቧት ደስ ይለኛል።

ሲራክም በምዕራፍ 38 ሐኪምን የፈጠረ፣ መድኃኒትን ከምድር ያወጣ እግዚአብሔር ነው ይላል። ስለዚህ ጸበሉንም መድኃኒቱንም። ሕመማቸው ድባቴ (ዲፕሬሽን) ከሆነ፣ መድኃኒቱ እስኪሠራ ሳምንታት ይፈጃል። «አልረዳኝም» ብለው እንዳይጥሉት፣ ሲሻላቸውም በራሳቸው እንዳያቆሙት አደራ።

«እርጅና ነው» የሚለውን አልቀበልም። ማዘንማ ያለ ነው፤ ጌታም በአልዓዛር መቃብር አልቅሷል። ግን እህልና እንቅልፍ ጠፍቶ ሳምንታት ሲያልፉ መታየት አለበት። የግድ ትልቅ ሆስፒታል አይደለም፤ ቅርብ ካለው ጤና ጣቢያ ጀምሩ። የታይሮይድ (የአንገት እጢ) ችግር፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ አንዳንድ መድኃኒት የሚያመጣው ችግርም ድባቴ ሊመስል ይችላል። ጆሯቸው ከደከመም ተናገሪ፤ ቅዳሴው የማይሰማው ሰው ቤት ቢቀር አይገርምም።

«ምነው በወሰደኝ» የሚለውን ግን በቀላሉ አትለፊው። «እማዬ፣ ራስሽን ለመጉዳት አስበሽ ታውቂያለሽ?» ብለሽ በቀጥታ ጠይቂ። መጠየቅሽ ሐሳቡን አይጨምርባቸውም። የአረምና የተባይ መርዝ ዛሬውኑ ከቤት ይውጣ። አዎ ካሉ ብቻቸውን አይደሩ፤ ያኑ ዕለት ወደ ሕክምና።

ጾሙ አያስጨንቅሽ፤ የታመመ አይገደድም። ለንስሐ አባታቸው ደውዪ፣ ቤት ድረስ ሄደው ይጸልዩላቸው። ማስቀደስ ለምን ተዉ ብለው እንዳይገሥጿቸው ሕመሙን አስቀድመሽ ንገሪያቸው።