ኮምፒውተሬን ቤቴ ውስጥ ራሴ መግጠም እችላለሁ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ የዝግጅት ክፍሉ ባልደረቦች፣ እንደምን ሰነበታችሁ። የምኖረው አዳማ ሲሆን ሥራዬ የሕንፃ ንድፍ ነው። ፋይሉ ከበድ ባለ ቁጥር ላፕቶፔ እየቆመ ሥራዬን ስላስተጓጎለብኝ ዴስክቶፕ ለመያዝ ወስኛለሁ። ለፋሲካ ከአሜሪካ የሚመጣው ወንድሜ «ዕቃዎቹን ለየብቻ ላምጣልሽና ራስሽ ግጠሚው» ይለኛል። በእርግጥ ይቻላል? ምኑን እሱ ያምጣ፣ ምኑንስ እዚህ ልግዛ? የእኛን መብራት ደግሞ ታውቁታላችሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከአዳማ

መልስ፦ ውድ እህታችን፣ ይቻላል። ካቻቢቴ ጨብጦ ብሎን ማጥበቅ የሚችል ሰው ሁሉ ዴስክቶፕ መግጠም ይችላል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞክር እንኳ ሳይጣደፍ ቢሠራ ከግማሽ ቀን ብዙም አይበልጥበትም። የሚከብደው ከመግጠሙ በፊት ያለው ምርጫ ነው። ዕቃዎቹ እርስ በርስ ካልተስማሙ ውቅያኖስ አቋርጦ የመጣን ዕቃ መልሶ ማስለወጥ እጅግ አስቸጋሪ ስለሆነ፣ ወንድምዎ አንዲት ነገር ከመግዛቱ በፊት ሙሉው ዝርዝር በወረቀት ላይ ሰፍሮ ማለቅ አለበት።

ዝርዝሩ የሚጀምረው የኮምፒውተሩ አንጎል ከሆነው ከፕሮሰሰሩ ነው። ፕሮሰሰሩ የሚቀመጥበት ሶኬት ሁሉም ዕቃ የሚሰካበትን ሰሌዳ፣ ማዘርቦርዱን፣ ይወስናል፤ ማዘርቦርዱ ደግሞ ጊዜያዊውን ማህደረ ትውስታ፣ ራሙን፣ ይወስናል። ከፕሮሰሰር ሠሪዎቹ ኤኤምዲን ከመረጡ፣ የቀድሞው ኤኤም4 ሶኬት ዲዲአር4 ራም ብቻ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ኤኤም5 ደግሞ ዲዲአር5 ብቻ ይቀበላሉ። ከ12ኛ እስከ 14ኛ ትውልድ ያሉት የኢንቴል ዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች የሚቀመጡት ኤልጂኤ1700 በሚባለው ሶኬት ላይ ነው፤ የዚህ ሶኬት ማዘርቦርዶች ግን አንዳንዶቹ ለዲዲአር4፣ ሌሎቹ ለዲዲአር5 የተሠሩ በመሆናቸው ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሁለቱም የራም ዓይነቶች 288 እግር አላቸው፣ ርዝመታቸውም አንድ ነው፤ ከታች ያለችው ቅድ ግን ቦታዋ ስለሚለያይ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። አልገባም ያለን ራም በጉልበት መጫን ማዘርቦርዱን መስበር ነው።

ለእርስዎ ሥራ 32 ጊጋባይት ራም እመክራለሁ፤ እሱም አንድ ባለ 32 ሳይሆን ሁለት ባለ 16 ቢሆን ፕሮሰሰሩ መረጃውን በሁለት መስመር ስለሚቀዳ ይፈጥናል። ፕሮግራሞቹና በየቀኑ የሚከፍቷቸው ፋይሎች ፈጣን ማከማቻ በሆነው ኤስኤስዲ ላይ ይቀመጡ፤ ያለቁ ሥራዎችን ለማከማቸት ያገለገለ ሃርድ ዲስክም ይበቃዎታል። ፕሮሰሰሩንና ማዘርቦርዱን ያገለገለ ለመግዛት ካሰቡ ግን የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ማብቃቱን ያስታውሱ፤ ዊንዶውስ 11 ከኢንቴል በኩል ባጠቃላይ ከ8ኛ ትውልድ በታች ያሉትን ፕሮሰሰሮች አይደግፍም።

ወንድምዎ ቢያመጣልዎ የምመርጠው ትንሽ ሆኖ ውድ የሆነውን ነው፤ ፕሮሰሰሩን፣ ራሙን፣ ኤስኤስዲውንና ምስል ወደ ስክሪን የሚያወጣውን ግራፊክስ ካርድ። እነዚህ በልብስ መካከል ተጠቅልለው በእጅ ሻንጣ ይገባሉ። ደረሰኞቹን አብሮ ይያዝ። ዕቃዎቹ የሚገጠሙበትን ሣጥን፣ ማለትም ኬዙን፣ እንዲሁም ሞኒተሩን እዚሁ ይግዙ፤ ኬዙ ቦታ ይፈጃል፣ ሞኒተሩ ደግሞ በሻንጣ መጥቶ ሳይሰነጠቅ የሚደርሰው በዕድል ነው።

አሁን ወደ መብራቱ ልምጣ፤ ከሁሉ ይልቅ ልብ እንዲሉልኝ የምፈልገው ይህንን ነው። በጀት ሲያጥር ሰው መጀመሪያ የሚቀንሰው የግድግዳውን መብራት ለዕቃዎቹ ከሚያከፋፍለው ከፓወር ሰፕላዩ ነው፤ ከኬዝ ጋር በነፃ የተሰጠውን ቀላል ሣጥን ይዞ ይገባል። በእኛ ቤት ግን መጀመሪያ በደንብ መመረጥ ያለበት እሱ ነው፤ ምክንያቱም መብራቱ ሲዋዥቅ ጫናውን የሚቀበለውም፣ ሲበላሽ ሌሎቹን ይዞ ሊሄድ የሚችለውም እሱ ነው። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት፣ የእኛ 220 ቮልት ነው። አዳዲሶቹ ጥሩ ፓወር ሰፕላዮች ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበሉ ከዚያ መምጣታቸው አያስፈራም፤ የሚለወጠው የግድግዳው ስፒና ያለበት ኬብል ብቻ ነው። ሆኖም ጎኑ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ወንድምዎ አንብቦ ቁጥሩን ይላክልዎ። እኔ ከዓመታት በፊት ዘመድ ከአሜሪካ ያመጣልኝን አሮጌ ፓወር ሰፕላይ፣ ከጀርባው ያለችውን ትንሽ ቀይ ማብሪያ ሳላይ ሰካሁት። ማብሪያዋ 115 ላይ ነበረች። ጥይት የተተኮሰ ያህል ጮኸ፤ ክፍሉን የተቃጠለ ላስቲክ ሽታ ሞላው፤ ከዕቃው የተረፈ ነገር አልነበረም። እንዲህ ያለ ማብሪያ ካለው ከመሰካቱ በፊት 230 ላይ መሆኑን በዓይንዎ ይዩ።

ዴስክቶፕ እንደ ላፕቶፕ ባትሪ ስለሌለው መብራት ሲሄድ ያላስቀመጡት ሥራ አብሮ ይሄዳል። ስታቢላይዘር የሚያስተካክለው ከፍ ዝቅታውን ብቻ ስለሆነ መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆይ ዩፒኤስ ያስፈልግዎታል። ዩፒኤስ ሲገዙ በጉልህ የተጻፈው የቪኤ (ቮልት-አምፔር) ቁጥር ከዋት ጋር አንድ እንዳልሆነ ይወቁ፤ 650 ቪኤ የሚለው ብዙ ጊዜ የሚችለው ከ400 ዋት በታች ነው። ዓላማው ሥራዎን አስቀምጠው በሥርዓት የሚዘጉበትን ጥቂት ደቂቃ ማግኘት እንጂ መብራት እስኪመጣ መሥራት አይደለም።

ሌላም አለ። ኬዙን ሲነኩ ጣትዎን ነዘር ካደረገዎ የግድ ኮምፒውተሩ ተበላሽቷል ማለት አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ የግድግዳው ሶኬት የመሬት መስመር የለውም ማለት ነው። በፓወር ሰፕላዩ መግቢያ ላይ ያሉት ማጣሪያዎች ትንሽ ኤሌክትሪክ ወደ ኬዙ ብረት ያሳልፋሉ፤ መሬት የሚወስደው መስመር ከሌለ የእርስዎ ጣት ይወስደዋል። ይህ ለኮምፒውተሩም ለእርስዎም ደግ አይደለምና ዕቃው ከመድረሱ በፊት የኤሌክትሪክ ባለሙያ ጠርተው የሚሠሩበትን ሶኬት ያስፈትሹ።

የሚገጥሙበት ቀን ሲደርስ ምንጣፍ የሌለው ክፍል ውስጥ ሰፊ ጠረጴዛ ያዘጋጁ፤ በሰውነትዎ የሚጠራቀም ስታቲክ ኤሌክትሪክ ዕቃዎቹን እንዳይጎዳ የሱፍ ሹራብ ያውልቁ፣ በየጊዜውም ቀለም ያልተቀባውን የኬዙን ብረት ይንኩ። ማዘርቦርዱን በመጣበት ካርቶን ላይ አስቀምጠው ፕሮሰሰሩን፣ ራሙንና ኤስኤስዲውን ኬዝ ውስጥ ሳይገባ ቢገጥሙ ይቀልዎታል። ፕሮሰሰሩ ጥግ ላይ ያለችውን ትንሽ ሦስት ማዕዘን ሶኬቱ ላይ ካለችው ጋር አስተያይተው ዝም ብለው ያስቀምጡት፤ በራሱ ክብደት ይገባል እንጂ አይጫንም። ራሙ ግን ተቃራኒ ነው፤ ማዘርቦርዱ ተጣጠፈ ብለው እስኪሰጉ ድረስ መግፋት ይፈልጋል፣ መቆለፊያው «ቀጭ» ሲል ገብቷል። አራት ቦታ ካለ ሁለቱ ራሞች ብዙውን ጊዜ የሚገቡት ከፕሮሰሰሩ ወዲህ በሁለተኛውና በአራተኛው ላይ ነው። በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል የሚቀባው ተርማል ፔስት ከአተር ፍሬ ባይበልጥ ይበቃል፤ ከማቀዝቀዣው ሥር ላስቲክ ተለጥፎ ከመጣም መላጡን አይርሱ። ማዘርቦርዱ ኬዙ ውስጥ የሚያርፍባቸው የናስ እግሮች ከብሎን ቀዳዳዎቹ ጋር ልክ ይግጠሙ፤ ቀዳዳ በሌለበት የቀረ አንድ እግር ከጀርባ ነክቶ ሾርት ሊያደርግ ይችላል። አዳማ ሙቀቱም አቧራውም ስለሚበረታ ከፊት አየር የሚያስገባ፣ ከኋላ የሚያስወጣ ፋን ያለውና ፊቱ ወንፊት የሆነ ኬዝ ይምረጡ፤ ወንፊቱንም በየወሩ ያራግፉ።

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። እኔ ያገለገለ ባለ ኤኤም4 ቢ450 ማዘርቦርድ ገዝቼ አዲስ ራይዘን 5 5600 ፕሮሰሰር ገጠምኩበት። ግራፊክስ ካርድ ለጊዜው አልገዛሁም። ፋኖቹ ሁሉ ይዞራሉ፤ ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው። ሻጩ ፕሮሰሰሩ ደህና ነው ይላል። ምን ላድርግ?

አንባቢያችሁ፣ ከደሴ

መልስ፦ ውድ ወንድማችን፣ ሻጩ ልክ ሳይሆን አይቀርም። ራይዘን 5 5600 በውስጡ ምስል የሚያወጣ ክፍል የለውም፤ ያለው 5600ጂ የሚለው ነው። ስለዚህ ግራፊክስ ካርድ እስካልተጨመረ ድረስ ሁሉም ነገር በትክክል ቢገጠም እንኳ ስክሪኑ ጥቁር እንደሆነ ይቀራል። ከጓደኛ ማንኛውንም አሮጌ ካርድ ተውሰው ይሞክሩ፤ የሞኒተሩንም ኬብል ማዘርቦርዱ ላይ ሳይሆን ካርዱ ላይ ይሰኩ።

ያም ሆኖ ምስል ካልመጣ ከፕሮሰሰሩ አጠገብ ያለው ባለ 8 እግር የኤሌክትሪክ ኬብል መሰካቱን ይመልከቱ፤ ባለ 24ቱ ብቻ ሲሰካ ፋኖቹ ይዞራሉ፣ ፕሮሰሰሩ ግን አይነሣም። ይህም ካልሆነ የሚቀረው ጥርጣሬ ኮምፒውተሩን የሚያስነሣው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም፣ ባዮሱ፣ ነው። የቢ450 ማዘርቦርዶች የወጡት የራይዘን 5000 ፕሮሰሰሮች ከመምጣታቸው በፊት ስለሆነ ባዮሳቸው ያልታደሰ ከሆነ አዲሱን ፕሮሰሰር አያውቁትም። አንዳንዶቹ ማዘርቦርዶች በፍላሽ ብቻ፣ ፕሮሰሰሩ ሳይነሣ ባዮስ የሚያድስ ቁልፍ ከጀርባቸው አላቸው፤ የእርስዎ ከሌለው የገዙበት ሱቅ በቀድሞ ትውልድ ፕሮሰሰር አስነሥቶ እንዲያድስልዎ ይጠይቁ። እድሳቱ ተጀምሮ መብራት ከሄደ ማዘርቦርዱ ጨርሶ ላይነሣ ስለሚችል፣ ቤትዎ ከሆነ የሚያድሱት ከዩፒኤስ ጋር ሳያገናኙ አይጀምሩ።